ሰርቨራችሁ ሜሞሪ እየበላ ካስቸገራችሁ ይህን ልጅ ጥሩት

በግሉ የሚሠራ የባክኤንድ (ከአፑ ጀርባ ሰርቨር ላይ የሚሠራው ክፍል) ባለሙያ ነው። ሥራውን በዓይኔ ስላየሁ በሙሉ ልብ እጠቁማችኋለሁ።

የእኛ የዕቃ ማድረሻ አፕ በኖድ ጄኤስ (ጃቫስክሪፕትን ሰርቨር ላይ የሚያስኬድ መሣሪያ) የተሠራ ነው፤ ሰርቨሩ ያለው ጀርመን ነው። ትዕዛዝ በሚበዛበት በምሳ ሰዓት ድንገት ድርግም ይልብን ነበር። ያማከርነው ሁሉ «ራም ጨምሩ» ወይም «ሌሊት ሌሊት ሪስታርት አድርጉት» ይለናል። ራም መጨመር በየወሩ ተጨማሪ ዶላር ነው፤ የዶላርን ነገር ደግሞ ታውቁታላችሁ።

እሱ መጀመሪያ ሎጉን (ሰርቨሩ የሚይዘውን የክንውን መዝገብ) አየ። ኤግዚት ኮዱ (ፕሮግራሙ ሲቆም የሚተወው ቁጥር) 137 ነው፤ ፕሮግራሙ በግድ ተገድሏል ማለት ነው። የገደለውም የሰርቨሩ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሊነክስ ራሱ ነበር፣ ሜሞሪ ሲያልቅበት። ቀጥሎ ግራፉን አሳየን። ሌሊት ደንበኛ በሌለበት ሰዓት እንኳ ሜሞሪው አይወርድም። «ሥራ በዝቶበት ቢሆን ሌሊት ይቀንስ ነበር። ይሄ ሊክ ነው» አለን፤ ፕሮግራሙ የጨረሰበትን ሜሞሪ አይለቅም ማለቱ ነው።

እኔን ያስደነቀኝ ጥንቃቄው ነው። ሂፕ ስናፕሾት (ፕሮግራሙ ሜሞሪ ውስጥ የያዘው ነገር ቅጂ) ሲነሳ ፕሮግራሙ ለጊዜው ደርቆ ይቆማል፤ ስለዚህ ደንበኞቹን ወደ ሌላኛው ሰርቨር አዙሮ አነሳ። ሥራ ላይ መልሶት ቆየና ደግሞ አነሳ። የዲበጊንግ ፖርቱን (ፕሮግራሙን ከውስጥ ለመመርመር የሚገባበትን በር) ለኢንተርኔት አልከፈተም፤ በኤስኤስኤች (በተመሰጠረ የርቀት መግቢያ) በኩል ብቻ ነው የገባው። ያ ፖርት ክፍት ከሆነ ያገኘው ሁሉ የፈለገውን ኮድ ሰርቨራችሁ ላይ ማስኬድ ይችላል። ስናፕሾቱ ውስጥ የደንበኞች ስልክ ቁጥር ሳይቀር ስለሚገኝ፣ ሲጨርስ ፋይሎቹን እኛው ፊት አጠፋቸው።

ሁለቱን ስናፕሾቶች ክሮም ላይ ሲያነጻጽር ጉዱ ወጣ። የአድራሹ ስልክ መስመር ተቋርጦ በተመለሰ ቁጥር ኮዱ አዲስ ሊስነር (አንድ ነገር ሲከሰት የሚጠራ የኮድ ክፍል) ይመዘግባል፤ አሮጌውን ግን አያነሳም። ሞተረኛው ከቦሌ ሜክሲኮ እስኪደርስ ኔትወርኩ ስንቴ እንደሚቆራረጥ አስቡት! እያንዳንዱ መቆራረጥ ሜሞሪ ውስጥ ቅሪት ይተዋል። መስመር ሲቋረጥ ሊስነሩን የሚያነሳ አጭር ኮድ ጨመረ፣ በቃ። አሁን ሜሞሪው ቀን ይወጣል፣ ሌሊት ይወርዳል። ራምም አልጨመርንም።

ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ። ለገንቢዎቻችን ስናፕሾት እንዴት እንደሚነበብ ቁጭ ብለህ ስላሳየሃቸውም እናመሰግናለን፤ ማንም ሳይጠይቅህ ያደረግከው ነው።

ስልኩን እዚህ አላወጣም። የምትፈልጉት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሱን አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። ከመደወላችሁ በፊት የሰርቨራችሁን የሜሞሪ ግራፍ አዘጋጁ፤ የሌሊቱም ይኑርበት። መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።