የጊታር ቁልፍ ከመቀየራችሁ በፊት ቀዳዳውን ለኩ

አኩስቲክ ጊታሬ ጭንቅላት ላይ ግሮቨር ሮቶማቲክ የተባሉ ቁልፎች፣ ማለትም ክሩን የሚወጥሩና የሚያላሉ መቃኛዎች፣ ከገጠምኩ ወራት አልፈዋል። በጋውንም ክረምቱንም አብረን አይተናል። አራት ኪሎ ያለችው ቤቴ ውስጥ ጊታሩ ሳይነካ የሚያድርበት ቀን ጥቂት ነው፤ ስለዚህ በደንብ ተፈትነዋል። ወድጃቸዋለሁ። የወደድኩበት ምክንያት ግን ብዙ ሰው የሚጠብቀው አይደለም።

ብዙ ሰው ቁልፍ የሚቀይረው ጊታሩ ቅኝት አልይዝ ሲለው ነው። ጥፋቱ ግን ሁልጊዜ የቁልፉ አይደለም። እንዲህ ለዩት። ቁልፉን ስታዞሩ ድምፁ ባለበት ቆይቶ ድንገት "ጢን" ብሎ ከዘለለ፣ ክሩ የተያዘው ነቱ ላይ ነው፤ ከአንገቱ ወደ ጭንቅላቱ በሚሻገርባት ቦይ ውስጥ። ክሩን ላላ አድርጉና ቦይዋን በተቀረጸ እርሳስ ጥቁር እስክትሆን አሹት። አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ቁልፉ ወዲያና ወዲህ በባዶው እየተንገዋለለ ድምፁ ንቅንቅ ካላለ ግን ማርሹ አልቋል። የኔ የቀድሞዎቹ እንዲህ ነበሩ፣ በተለይ የሦስተኛው ክር።

እዚህ ከተማ የሚፈልጉትን ቁልፍ በፈለጉበት ቀን ማግኘት ከባድ ነው። ብዙዎቻችን ከውጭ በሚመጣ ሰው እናስመጣለን። መጥቶ አልገባም ካለ ደግሞ መመለሻ የለውም። ለዚህ ነው ከብራንዱ በፊት ካሊፐር (የቀዳዳ ስፋት መለኪያ) ያነሳሁት። ሮቶማቲክ ጭንቅላቱ ላይ 10 ሚሊሜትር ገደማ ቀዳዳ ይፈልጋል። የድሮ ዓይነት ቁልፍ የነበራቸው ጊታሮች ቀዳዳ ብዙውን ጊዜ ከ9 በታች ነው። በትራፓኖ ላስፋው ብላችሁ ጭንቅላቱን ከምትሰነጥቁ፣ ለዚያው ልክ የተሠራ ቁልፍ ብትፈልጉ ይሻላል። የኔ ቀዳዳ ልክ ሆነ። ከኋላ ያለው የብሎን ቦታ ግን ስላልገጠመ የድሮውን በስቴኪኒና በኮላ ደፍኜ አዲስ በሳሁ።

ሮቶማቲክ በ14 ለ1ም በ18 ለ1ም ይመጣል። የኔ ባለ 18ቱ ነው። ቁልፉን 18 ጊዜ ስታዞሩት ክሩ የሚጠቀለልበት ዘንግ አንድ ዙር ይዞራል ማለት ነው። እጅ ብዙ ይዞራል፣ ድምፁ ግን በጥቂት በጥቂቱ ይሄዳል።

ለኔ ገንዘቡን ያስቆጠረው ይህ ነው። ትዝታ ስጫወት ክሮቹ ሳይያዙ እንደ ክራር እንዲያስተጋቡ እፈልጋለሁ። ስድስተኛውን ክር ከኢ ወደ ዲ፣ ሦስተኛውን ከጂ ወደ ኤፍ ሻርፕ አወርዳለሁ። ያኔ ስድስቱም በባዷቸው ዲ ላይ የቆመ ሜጀር ትዝታ ውስጥ ይገባሉ። ወደ ማይነሩ ለመሻገር ሦስተኛውንና ሁለተኛውን ግማሽ ግማሽ ቶን ማውረድ ብቻ ነው። በአሮጌዎቹ ይህን በአንድ ምሽት ደጋግሞ ማድረግ ያስመርር ነበር። አሁን ጆሮዬ "በቃ" ያለበት ቦታ ላይ እጄ ይቆማል። ግን ክር ስታወርዱ ከምትፈልጉት ትንሽ አሳልፉና ወደ ላይ እየሳባችሁ ድረሱበት። ከላይ መጥታችሁ ካቆማችሁ በማርሹ ጥርሶች መካከል የቀረችው ክፍተት ቆይታ ክሩን ታላላዋለች።

በበጋ እንጨቱ ሲደርቅ ቁልፉን ከፊት የሚያስረው ዳዶ ሊላላ ይችላል። ክር በቀየርኩ ቁጥር በመፍቻ አየዋለሁ፤ ጠበቅ ካለ ይበቃል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን ምንም ቁልፍ አያድንም። እርጥበቱ የሳጥኑን እንጨት ያሳብጠዋል፣ ድምፁም ወደ ላይ ይሸሻል። ከኔ ጊታር እንዲህ ያለውን ለውጥ አዲሶቹም አላስቀሩትም፤ መልሶ መቃኘቱን ነው ያቀለሉት።

እንደ ሮቶማቲክ ማርሻቸው የታሸገ ቁልፎች ማርሻቸው ከሚታይ ክፍቶቹ እንደሚከብዱም አስቡበት። ቆማችሁ በማንጠልጠያ የምትጫወቱ ከሆነ የጊታሩ ጭንቅላት ወደ ታች ሊያዘነብል ይችላል። ባለ ናይለን ክር ክላሲክ ጊታር ያላችሁ ደግሞ ሮቶማቲክ አይሆናችሁም። የናንተ ቁልፎች ሦስት ሦስት ሆነው በአንድ ሳህን ላይ ነው የሚመጡት። እናንተ የምትለኩት ከዘንግ መሃል እስከ ዘንግ መሃል ያለውን ርቀት ነው፤ የተለመደው 35 ሚሊሜትር ነው።