የፓላዲ እርሳስ ወይስ የኢሴር ከሰል? ፈጣን የሰው ንድፍ ለሚገዛ

የሩማንያ ሰዓሊዎችን ወድዶ ለዘይት ቀለም ሥራቸው ኪሱ ያልደረሰ ሰው ዓይኑን ወደ ወረቀት ያዞራል። ከሞዴል ፊት ለፊት ተቀምጠው በደቂቃዎች የሠሩት ንድፍ፣ ከዚያው እጅ ከወጣ ሸራ ጋር ሲተያይ ዋጋው በጣም ያንሳል። ቡካሬስት ውስጥ ለጨረታ ከሚቀርቡት መካከል ቴዎዶር ፓላዲ (እ.ኤ.አ. 1871–1956) እና ዮሲፍ ኢሴር (1881–1958) አሉ። ትውልዳቸው ቢቀራረብም እጃቸው አይገናኝም።

ፓላዲ የያሽ ከተማ ልጅ ነው። ፓሪስ ሰዓሊው ጉስታቭ ሞሮ ዘንድ ሲማር ታዋቂው ፈረንሳዊ ሰዓሊ ማቲስ አብሮት ነበር፤ በኋላም ለዓመታት ተጻጽፈዋል። ንድፎቹ ብዙ ጊዜ ቀጭን የእርሳስ መስመር ናቸው። የተጋደመች ሴት ስትሆን መስመሩ ከትከሻዋ ይነሳና ወገቧ ላይ ሰርጎ፣ ዳሌዋን ዞሮ ጉልበቷ ጋ ይሳሳል። ጥላ እምብዛም የለውም፤ ያልተነካው ወረቀት ራሱ ገላ ሆኖ ይታያል። እንዲህ ያለው ሥራ ቀርበው የሚያዩት ነው፤ ሰፊ ሳሎን ውስጥ ከሰቀሉት ይጠፋል።

ኢሴር ሙኒክ ተምሮ፣ በጋዜጣ ካርቱን እጁን ያፍታታ ሰው ነው። በጥቁር ባሕር ዳር ባለው የዶብሮጃ ምድር የሚኖሩትን ሙስሊም ታታሮች ደጋግሞ ሥሏል። መስመሩ ወፍራምና ማዕዘናም ነው፤ የተቀመጠች ሴት ክርን እንደ ድንጋይ ጥግ ይወጣል። ከበር ሆነው ያዩታል። ከሰል ከሆነ ግን አያያዙ ጣጣ አለው፦ በጣት ከነኩት ይደበዝዛል፣ ፕላስቲክ መስታወት ደግሞ ዱቄቱን ይስባል። እውነተኛ መስታወት፣ በመሃሉም ክፍተት የሚሰጥ አሲድ የሌለው ካርቶን ያስፈልገዋል። እርሳስ በዚህ በኩል ጣጣው ያነሰ ነው።

አስመስሎ መሥራት ላይ ስንመጣ ፓላዲ ያሰጋኛል። ጥቂት መስመር ብቻ ስለሆነ «ይህማ ቀላል ነው» የሚል አስመሳይ አይጠፋም። በማጉያ መነጽር ይዩት፤ በፍጥነት የተሰመረ መስመር ሲጀምር ይጫናል፣ ሲያልቅ ይሳሳል። የሚገለብጥ ሰው ግን እየፈራ ስለሚሄድ መስመሩ ከዳር እስከ ዳር እኩል ይሆናል፣ ይንቀጠቀጣልም። እኔም አንዴ «ኦሪጅናል እርሳስ» ተብዬ የገዛሁትን ቤት ወስጄ ከፍሬሙ ሳወጣው፣ መስመሩ በጥቃቅን ነጠብጣብ የተሞላ የማተሚያ ቤት ሥራ ሆኖ አገኘሁት። ከዚያ ወዲህ ከፍሬም ሳይወጣ የሚሸጥ ወረቀት አልገዛም። ጀርባውን ማየትም ጥቅም አለው፤ የድሮ ባለቤት ጽሑፍ፣ የጨረታ ቁጥር፣ አንዳንዴም ሌላ ንድፍ ይገኝበታል። ፊርማ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ በኋላ ሊጨመር ይችላል።

ሒሳቡንም ቀድመው ይሥሩ። መዶሻው ያረፈበት ዋጋ የመጨረሻው አይደለም፣ የጨረታ ቤቱ ኮሚሽን ይጨመርበታል። ከሩማንያ ለማውጣት ደግሞ ስለ ተንቀሳቃሽ ባህላዊ ቅርስ የሚደነግገው ሕግ ቁጥር 182/2000 አለ፤ የኤክስፖርት ፈቃዱን ማን እንደሚያወጣ ሳይከፍሉ ይጠይቁ።

እኔ ለመኝታ ቤት ወይም ለማንበቢያ ጥግ ፓላዲን፣ ለሳሎን ኢሴርን እመርጣለሁ። አንድ ብቻ ግዛ ብባል ፓላዲ ነው፤ ግን የባለቤትነት ታሪኩ በወረቀት የተያዘ ከሆነ ብቻ። ካልሆነ ገንዘቤን ይዤ፣ በፓላዲ ስም ሙዚየም ወደሆነው የቡካሬስቱ ሜሊክ ቤት ጎራ ብዬ ዓይኔን ላሠልጥን።