ፕላያ ዴል ካርመን ለምትሄዱ፦ ይህን ሹፌር ያዙ

ከሜክሲኮ ከተመለስን ሁለት ሳምንት ሆነን። እናቴ እስካሁን «ያ ልጅ ደህና ነው?» ሳትለኝ አትውልም። ያ ልጅ የምትለው በአርባዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያለ፣ ፕላያ ዴል ካርመን ላይ ቫን የሚነዳ ሰው ነው። ስድስት ቀን ሙሉ እንደ ወለደችው ልጅ ተንከባክቧታል። በአደባባይ ላመሰግነው እፈልጋለሁ። ወደዚያ ለመሄድ የምታስቡም ካላችሁ እሱን ሳታገኙ እንዳትመለሱ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ የተነሳነው አምስት ሆነን ነው፤ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለቱ ልጆቻችንና እናቴ። ወቅቱ የጁላይ መጀመሪያ ነበር። ልጆቹ ትምህርት ዘግተዋል፣ ለእናቴ ግን የሰኔ ጾም ገና አልተፈታም። ሆቴሉ ምግቡም መጠጡም አብሮ የተከፈለበት ነው። ቡፌው ላይ ግን ለጿሚ የሚሆነው ፍራፍሬና ሰላጣ ብቻ ነው። ባሕሩም እንደጠበቅነው አልሆነም። በፎቶ ያየነው ነጭ አሸዋ ላይ ቡናማ የባሕር አረም ተከምሮበታል። ሳርጋሶ ይሉታል። በተለይ ከኤፕሪል እስከ ኦገስት ድረስ ማዕበሉ ከአትላንቲክ እየገፋ ያመጣዋል፤ ሲበሰብስ እንደተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ልጆቹ አኮረፉ። ከኤርፖርት ያመጣን ታክሲ ከተነጋገርነው በላይ ስላስከፈለን፣ ሌላ መኪና መያዝም ፈርተን ነበር።

ሰውየውን የጠቆመችን ክፍላችንን የምታጸዳው ሴት ናት። «የሰፈሬ ልጅ ነው፣ አያታልላችሁም» አለችን። መጣ። ገና ከመነሳታችን የየቀኑን ዋጋ በፔሶ ወረቀት ላይ ጻፈልን። በስድስተኛው ቀን የከፈልነው ልክ ያንኑ ነው፤ ሳንቲም አልጨመረም።

መጀመሪያ የሰጠን ምክር ለራሱ ገቢ የማያመጣ ነበር። «ነገ እኔን አትከራዩኝ፣ ጀልባ ይዛችሁ ኮዙሜል ሂዱ» አለን። አረሙ የሚመጣው ከምሥራቅ ስለሆነ የደሴቲቱ ምዕራባዊ ዳርቻ ንጹሕ ነው። ወደቡ ድረስ አደረሰንና ተመለሰ። መሻገሪያው አርባ አምስት ደቂቃ ያህል ነው። እዚያ ያለው ኮራል ከአውስትራሊያው ቀጥሎ በዓለም ረጅሙ የኮራል ሰንሰለት አካል ነው። ልጆቹ መነጽራቸውን አድርገው ፊታቸውን ውኃው ውስጥ እንደነከሩ ዋሉ። ኩርፊያው እዚያው ቀረ።

በማግስቱ የአገሩ ነባር ሕዝብ የሆኑት ማያዎች ጥንት የሠሯትን የፍርስራሽ ከተማ፣ ቺቼን ኢትዛን ልናይ ሄድን። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሆቴሉ በር ላይ ቆሞ ጠበቀን። ብልሃቱ የገባን በኋላ ነው። ቺቼን ኢትዛ ያለችበት የዩካታን ግዛት ከፕላያ ዴል ካርመን በአንድ ሰዓት ወደኋላ ናት። በእኛ ሰዓት 3 ላይ ስንደርስ እዚያ ገና 2 ሰዓት ነው፤ በሩ ሲከፈት ማለት ነው። አውቶቡሶቹ ሳይመጡና ፀሐዩ ሳይከር ታላቁን ፒራሚድ ብቻችንን ያየን ያህል ሆነ። በአራቱም ጎን 91 ደረጃ አለው፤ ከላይ ካለችው ጋር 365 ይሞላል። አሁን መውጣት ክልክል ነው። ከደረጃው ፊት ቆማችሁ ካጨበጨባችሁ ግን ድምፁ እንደ ወፍ ጩኸት ሆኖ ይመለሳል። ልጄ እጇ እስኪቀላ አጨበጨበች። እሱ ራሱ ልግለጽላችሁ አላለም። «እኔ ሹፌር ነኝ፣ እዚህ የሚያስጎበኘው መታወቂያ ያለው ሰው ነው» ብሎ ፈቃድ ካለው አስጎብኚ ጋር አገናኘን።

የማልረሳው ግን መንገድ ላይ የሆነውን ነው። ሰውየው ማያ ነው፤ ከእናቱ የሰማው ቋንቋ ማይኛ ነው። ስለ ቺቼን ስም ሲያስረዳን «ቺ አፍ ነው፣ ጨን ጉድጓድ ነው፤ የጉድጓድ አፍ ማለት ነው» አለ። ቱሪስቶች ይህችን «ጨ» መጥራት እንደማይሆንላቸውም ነገረን። እናቴ ከኋላ ወንበር «ጨን» አለች፣ ጥርት አድርጋ። ፍጥነቱን ቀነሰና በመስታወት አያት። «ድገሚው» እንደማለት በእጁ ምልክት ሰጣት። ደገመችው። ከዚያ ፈተናው ቀጠለ። ስፔኖች ሰኖቴ የሚሉትን የዋሻ ውኃ በማይኛ «ጾኖት» ይሉታል። አለችው። ቲማቲም «ጳክ» ነው። እሱንም አለችው። ለካ ጠ፣ ጨ፣ ጰ፣ ጸ፣ ቀ እነሱም ቋንቋ ውስጥ አሉ! እንግሊዝኛ የማትችል እናቴና አማርኛ ሰምቶ የማያውቅ ሰው እየተሳሳቁ ቫላዶሊድ የምትባል ከተማ ገባን። ከዚያ ቀን ጀምሮ «እማማ» ነው የሚላት፤ ከልጆቹ ሰምቶ ነው።

ምሳ የበላነው አንዲት ሴትዮ ቤት ነው። ጥቁር ቦሎቄ ተፈጭቶ፣ ታሽቶ መጣ። እናቴ እጇን ስትዘረጋ እሱ ቀስ ብሎ ሳህኑን ወደራሱ ሳበና ወደ ማድቤት ገባ። ተመልሶ «ማንቴካ አለበት» አለን። የአሳማ ሞራ ማለት ነው። እዚያ አገር የተጠበሰ ቦሎቄ ብዙ ጊዜ በሱ ነው የሚሠራው፤ ታማሌ የሚሉት በቅጠል ተጠቅልሎ የሚበስል የበቆሎ ሊጥም እንደዚያው። እኔ ቦሎቄ ምን ይኖረዋል ብዬ ልጠይቅ እንኳን አላሰብኩም ነበር። እሱ ግን ጠዋት መኪና ውስጥ ስለ ጾሟ አንድ ጊዜ የነገርኩትን ይዞታል።

በምትኩ ሴትዮዋ ሲኪል ጳክ አቀረበችላት። የተቆላ የዱባ ፍሬ ይፈጫል፤ በእሳት የጠቆረ ቲማቲምና የድንብላል ቅጠል ይገባበታል። ከምጣድ በወጣ የበቆሎ ቂጣ ይበላል። እናቴ አንድ ጊዜ ጎርሳ «ይሄማ የኛ ሱፍ ፍትፍት ነው!» አለች። ቃሪያው ለብቻው ነው የሚቀርበው፤ ሃባኔሮ ይባላል። እሱን ከሚጥሚጣ በላይ ነው ብላ መሰከረች።

ከዚያ ተነስቶ ብዕር ተዋሰና በስፔንኛ አንዲት ወረቀት ጻፈላት። ሥጋ፣ ሞራ፣ ቅቤ፣ ወተት፣ እንቁላል፣ ዓሣ የለበትም የምትል ናት። ሆቴሉም ሬስቶራንቱም ውስጥ ያችን ወረቀት እያሳየች በላች። አሁንም ቦርሳዋ ውስጥ ናት፣ በአራት ታጥፋ።

የቫኑ ደረጃ ከፍ ስለሚል የመጀመሪያ ቀን ደግፈን ነበር ያስገባናት። በማግስቱ ከቤቱ የእንጨት ዱካ ይዞ መጣ። በቆምንበት ሁሉ ወርዶ ዱካዋን ያስቀምጥላታል። ማንም አልጠየቀውም።

በአራተኛው ቀን ዘመዱ ግቢ ወሰደን። የተቦረቦሩ ግንዶች መደርደሪያ ላይ ተጋድመዋል። ዳርና ዳራቸው በእንጨት ክዳንና በጭቃ ተዘግቷል። መሐል ላይ የጣት ጫፍ የምታህል ቀዳዳ አለች፤ በቀዳዳዋ ልክ የአንዲት ንብ ጭንቅላት ይታያል፣ ዘበኛ ናት። እነዚህ ንቦች አይናደፉም። ማያዎች ከጥንት ጀምሮ ያረቧቸዋል፤ ሹናን ካብ ይሏቸዋል። የንቦቹ ባለቤት የሆነችው ሴት በማንኪያ ጫፍ አቀመሰችን። ቀጠን ያለ፣ ጎምዘዝ የሚል ማር ነው። እናቴ ማንኪያውን ከአፏ ሳታወጣ «ጣዝማ!» አለች። ዓይኗ እንባ ሞላ። ልጅ ሳለች አባቷ መሬት ቆፍሮ የሚያመጣላት ማር ነው። ለሳል መድኃኒት እንደሆነ በእኔ በኩል ነገረቻቸው። እነሱም ለዓይንና ለጉሮሮ እንጠቀምበታለን አሉ። ከማርና ከዛፍ ልጣጭ ባልቼ የሚባል መጠጥ እንደሚጠምቁም ሰማን፤ ጌሾው ቀርቶ ልጣጭ የገባበት ጠጅ በሉት። ሁለቱ ሴቶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ብዙ ቆዩ። እኔ ማስተርጎሙን ተውኩት።

ሰኖቴዎቹንም አትለፉ። የዩካታን መሬት የኖራ ድንጋይ ስለሆነ ዝናቡ ወደ ውስጥ ሰርጎ ዋሻ ውስጥ ይጠራቀማል። ከመግባታችሁ በፊት ሻወር ትወስዳላችሁ፤ የፀሐይ ቅባት ውኃውን ስለሚበክል አይፈቀድም። ልጆቹ ዘለሉበት። እናቴ ጫፉ ላይ ተቀምጣ እግሯን ነከረች፣ አማተበች፣ ፊቷን ታጠበች። ቦታው ለማያዎችም የተቀደሰ እንደነበር ሲነግራት «ያስታውቃል» ነው ያለችው።

ለምትሄዱ፣ እኛ የአሜሪካ ግሪን ካርድ ስላለን የሜክሲኮ ቪዛ አላስፈለገንም። ገንዘባችሁን በፔሶ ክፈሉ። ሰውየው እንግሊዝኛው ለመግባባት በቂ ነው፤ አምስት ሰው ከነሻንጣው በምቾት ይጭናል። ሽማግሌ ወይም ሕፃን ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ ሌላ ሰው አትፈልጉ። ጾም ላይ ከሆናችሁ ቀድማችሁ ንገሩት፣ የቀረውን እሱ ይጨርሳል።

ስሙንና ስልኩን አደባባይ ላይ አላወጣውም፤ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ወዲያው እልክላችኋለሁ። በቅርቡ የሚሄድ ሰው ካለም ይንገረኝ። እናቴ ግማሽ ኪሎ ቡና ቆልታ፣ አሽጋ ኩሽና ውስጥ አስቀምጣለታለች፤ የሚያደርስላት ትፈልጋለች።