የዝነኞች እምነት ገበያ፦ አራት አገልግሎቶች ሲመዘኑ

አንድ ዝነኛ አዲስ እምነት ያዘ በተባለ ቁጥር «ከልቡ ነው ወይስ ለስሙ?» የሚለው ክርክር ይነሳል። ልቡን ማንም አያየውም። የተሰጠውን አገልግሎት ግን መመርመር ይቻላል። እኛ የምናየው ሁለት ነገር ነው፦ ዝነኛው የሚገባው ሌላው ሰው በሚገባበት በር ነው ወይ? ካሜራ በሌለበትስ ምን ይጠየቃል? የሆሊውድና የሙዚቃው ዓለም ሰዎች ብዙ የተመላለሱባቸውን አራት መንፈሳዊ አገልግሎቶች በዚህ መዝነናል። (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የካባላ ሴንተር ቀይ ክር። ዘፋኟ ማዶና በ1990ዎቹ ካባላ የተባለውን የአይሁድ ምስጢራዊ ትምህርት በዚህ ማዕከል ጀምራ በ2004 አስቴር የሚል ስም ስትይዝ፣ ክሩ ከእሷ ጋር ታወቀ። ዕቃው ቀጭን የሱፍ ክር ሲሆን ሴንተሩ በዚያን ዘመን 26 ዶላር ገደማ ይሸጠው ነበር። የሚታሰረው ግራ እጅ አንጓ ላይ ነው፤ በትምህርታቸው ግራ የመቀበያ ወገን ነውና። ባለቤቱ ራሱ አያስረውም፤ የሚወደው ሰው ሰባት ጊዜ እየቋጠረ ያስርለታል፣ ጸሎትም ይደገማል። ከክፉ ዓይን ይጠብቃል የሚባለው ቤተልሔም በሚገኘው የራሔል መቃብር ዙሪያ ተጠምጥሞ ስለመጣ ነው። ችግሩ እዚህ ላይ ነው፤ መቃብሩን የዞረውን ክር ከልብስ ሰፊ መሳቢያ ከወጣው የሚለይበት መንገድ ገዢው የለውም። በዚያ ላይ ቶሴፍታ የተባለው ጥንታዊ የረቢዎች ሕግ ስብስብ ቀይ ክር ጣት ላይ ማሰርን ከተከለከሉ የአሕዛብ ልማዶች ይመድበዋል። ክሩ የሕዝብ ልማድ እንጂ የካባላ እምብርት አይደለም።

እምብርቱ ዞሃር ነው፤ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስፔን ውስጥ የወጣ፣ በአብዛኛው በአራማይክ የተጻፈ ከባድ መጽሐፍ። በነባሩ ልማድ ታልሙድን (ታላቁን የአይሁድ ሕግ መጽሐፍ) ያልጠገበና 40 ዓመት ያልሞላው ሰው እንዳይቀርበው ይመከር ነበር። ሴንተሩ ግን ፊደሉን የማያውቅም ቢሆን ዓይኑን በመስመሮቹ ላይ ቢያሳልፍ ይጠቀማል ይላል። ጊዜ ለሌለው ሰው ከዚህ የተሻለ ምቾት አይገኝም! በእኛ ግምት ለታይታ ከአራቱ በጣም የሚመቸው ቀይ ክሩ ነው፤ ርካሽ ነው፣ ፎቶ ላይ ይታያል፣ ሲሰለች በመቀስ ይቆረጣል። ማዶና ግን ክሩ ከፋሽን ከወጣ በኋላም ትምህርቱን አልተወችም። ለሌላው ጌጥ የነበረው ለእሷ ከዚያ በላይ ነበር ማለት ነው።

የሳይንቶሎጂ ሴሌብሪቲ ሴንተር። ሳይንቶሎጂ የተባለው ሃይማኖታዊ ድርጅት ለዝነኞች የከፈተው ማዕከል ነው። እዚህ የበሩ ጥያቄ መልሱ በስሙ ላይ ተጽፏል፤ ትርጉሙ «የዝነኞች ማዕከል» ነውና። በ1969 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ተቋቁሞ፣ ኋላ ሆሊውድ ፍራንክሊን ጎዳና ላይ ወዳለው የ1920ዎቹ የቅንጦት ሆቴል ሕንፃ ገባ። ሐሳቡ ግን ከዚያ ይቀድማል፤ በ1955 የድርጅቱ መጽሔት እንዲመጡ የሚፈለጉ ዝነኞችን ስም ዘርዝሮ ነበር። ግሬታ ጋርቦና ዋልት ዲዝኒ ነበሩበት፤ ላመጣቸው ሰው ሽልማቱ ትንሽ የመታሰቢያ ሰሌዳ ነበር።

አገልግሎቱ የሚጀምረው 200 ጥያቄ ባለው ነፃ የባሕርይ ፈተና ነው። ከዚያ አጭር ኮርስ ይመጣል፣ ከዚያም ኦዲቲንግ፤ ተገልጋዩ ጣሳ የሚመስሉ ሁለት ብረቶች ይዞ ይቀመጣል፣ ኢ-ሜትር የተባለው መሣሪያ ደካማ ኤሌክትሪክ በሰውነቱ ያሳልፋል፣ ጠያቂው የመርፌውን እንቅስቃሴ እያየ ስላለፈ ሕይወቱ ይጠይቀዋል። አንድ ጥቅል 12 ሰዓት ተኩል ነው፤ ደረጃው ከፍ ሲል ዋጋውም ይንራል። የወጡ አባላት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ዶላር እንደከፈሉ ተናግረዋል። መሣሪያው በሽታ እንደማይመረምርና እንደማያክም የሚገልጽ ጽሑፍ እንዲለጠፍበት የአሜሪካ ፍርድ ቤት በ1971 አዟል፤ ሊሞክረው የሚፈልግ ሰው ይህን ቀድሞ ይወቅ። ሌላው ሊታሰብበት የሚገባው መዝገቡ ነው። በክፍለ ጊዜው የሚነገረው ሁሉ ተጽፎ በተገልጋዩ ፋይል ይቀመጣል። ምስጢሩ ለበዛ ሰው፣ በተለይም ለዝነኛ፣ ትልቁ ወጪ ገንዘቡ ላይሆን ይችላል።

ታዲያ እዚህ የሚገቡት ለክብር ነው? ታሪካቸው ሌላ ያሳያል። ተዋናዩ ጆን ትራቮልታ በ1975 የገባው ስሙ ገና ሳይገን ነው። በ2009 የወጣው የፊልም ዳይሬክተር ፖል ሃጊስም ዝናን ያገኘው ከገባ በኋላ ነው፤ 35 ዓመት ገደማ ቆይቷል። በ2013 የወጣችው ተዋናይ ሊያ ሬሚኒ የገባችው በልጅነቷ ከእናቷ ጋር ነበር። ለታይታ ብሎ 35 ዓመት ብረት ይዞ የሚቀመጥ ሰው የለም። ክብሩ የሚፈስሰው በተቃራኒው አቅጣጫ፣ ከዝነኛው ወደ ድርጅቱ ነው።

ትራንሰንደንታል ሜዲቴሽን። ይህ በልብ በሚደገም ቃል የሚደረግ ማሰላሰል ነው። የእንግሊዝ የሙዚቃ ቡድን ቢትልሶች በ1968 መጀመሪያ ሕንድ፣ ሪሺኬሽ ድረስ መምህሩን ማሃሪሺን ተከትለው ሲሄዱ ዓለም አወቀው። ትምህርቱ አጭር ነው፤ ከገለጻው በኋላ አንድ ቀን ለብቻ፣ ቀጥሎ ሦስት ቀን በቡድን። በመጀመሪያው ቀን ፍራፍሬ፣ አበባና ነጭ መሐረብ ይዞ መሄድ ያስፈልጋል፤ መምህሩ በሳንስክሪት አጭር ሥርዓት ያደርሳል፣ ማንትራውንም (የሚደገመውን ቃል) በምስጢር ይሰጣል። ሃይማኖት አይደለም ተብሎ የመጣ ሰው እዚህ ላይ ይደነግጣል። (በ1979 አንድ የአሜሪካ ይግባኝ ፍርድ ቤት በኒው ጀርሲ ትምህርት ቤቶች ይሰጥ የነበረው ኮርስ ሃይማኖታዊ ነው ብሏል።) ከዚያ በኋላ በየቀኑ ጠዋት 20 ደቂቃ፣ ከሰዓት 20 ደቂቃ ነው። ብዙ ጊዜ የሚቀረው የከሰዓቱ ነው። የፊልም ዳይሬክተሩ ዴቪድ ሊንች በ1973 ጀምሮ በ2025 እስኪሞት ድረስ አጥብቆ የያዘው ይህንን ነው። የሚለበስም የሚታሰርም ነገር ስለሌለው ለታይታ ብዙ አያገለግልም፤ በዚህ ከክሩ ይሻላል።

የጎኤንካ ቪፓሳና፣ 10 ቀን። ይህ ጎኤንካ የተባለው መምህር ያስፋፋው፣ በዝምታ የሚደረግ የማሰላሰል ኮርስ ነው። ከአራቱ በሩ ለሁሉም አንድ የሆነው እዚህ ነው። ስልክ፣ መጽሐፍና ማስታወሻ ደብተር መግቢያ ላይ ይቀራሉ። ደወሉ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ይደወላል፣ በቀን 10 ሰዓት ያህል መቀመጥ አለ፣ ከቀትር በኋላ አዲስ ተማሪ የሚቀርብለት ፍራፍሬና ሻይ ብቻ ነው። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ከሌላው ተማሪ ጋር ንግግር ቀርቶ በዓይን መጠቃቀስም ክልክል ነው። ክፍያ የለም፤ መዋጮ እንኳ የሚቀበሉት ኮርሱን ከጨረሰ ሰው ብቻ ስለሆነ፣ ባለጸጋው ቀድሞ ከፍሎ የተለየ ቦታ ሊያገኝ አይችልም። ስለ ጤና የሚጠይቀውን የማመልከቻ ክፍል በእውነት መሙላት የግድ ነው፤ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው እንዳይገባ ራሳቸው ይመክራሉ፤ ረጅሙ ዝምታ ሕመሙን ሊያባብስበት ይችላል።

እንዲህም ሆኖ ለስም የሚሆን ቀዳዳ አይጠፋም። በወቅቱ የትዊተር ዋና ሥራ አስፈጻሚ የነበረው ጃክ ዶርሲ በ2018 ማያንማር ውስጥ 10ሩን ቀን ጨርሶ ሲወጣ ቆይታውን በተከታታይ ትዊቶች ተረከ፤ የአገሪቱን ጉብኝትም አሞገሰ፣ በዚያ ስለሚሳደዱት ሙስሊም ሮሂንጋዎች ግን ምንም ባለማለቱ ብዙ ወቀሳ ደረሰበት። ደንቡ የሚገዛው ተማሪው ግቢው ውስጥ እስካለ ነው፤ ስልኩ ከተመለሰለት በኋላ ምን እንደሚጽፍ የሚመለከት አንቀጽ የለውም።