ጃኩዚ ላላችሁ የባሕር ዳር ሰዎች፣ ይሄን ልጅ ሳታናግሩ ምንም የውሃ ማከሚያ እንዳትገዙ

ሰላም የባሕር ዳር ልጆች፣ ዛሬ ምስጋናም ጥቆማም ይዤ ነው የመጣሁት። ቤታችሁ ጃኩዚ ያላችሁ ወይ ደግሞ ፔንሲዮን ምናምን ከፍታችሁ ለእንግዳ ልታስገቡ ያሰባችሁ ካላችሁ አንድ ልጅ ልጠቁማችሁ። ስራው ሐይቅ ዳር ያሉ ሆቴሎችን የመዋኛ ውሃ ማከም ነው፣ ስሙ በአደባባይ እንዲጻፍ አልፈለገም እኔም አልጽፈውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወንድሜ ከዱባይ እቃ ሲያስጭን ለእማዬ ጉልበት ብሎ አንድ ሺህ ሊትር ገደማ የምትይዝ ጃኩዚ አብሮ ላከ። እማዬ ጉልበቷ ሲብስባት ዋንዛዬ ፍል ውሃ ትሄድ ነበር፣ አሁን መንገዱም እድሜውም እሺ አላላትም። እቃው ደረሰ፣ ተገጠመ፣ መስመር ተዘረጋለት፣ ከዛ ውሃው በምን ይታከም የሚለው ላይ ቤተሰቡ ለሁለት ለሶስት ተከፈለ። ወንድሜ በስልክ የጨው ሲስተም ነው የሚያዋጣው ይላል፣ አዲስ አበባ ያለ አንድ ሻጭ ደግሞ ዩቪ (ጀርም የሚገድል ጨረር) እና ኦዞን (ጀርም የሚገድል ጋዝ) ካስገባችሁ ኬሚካል የሚባል ነገር ደህና ሰንብት በሉት አለን (ዋጋውን ስሰማ ስልኩን ከጆሮዬ አራቅኩት)፣ ጎረቤታችን ደሞ ሐይቁ አፍንጫችሁ ስር እያለ ምን አስጨነቃችሁ ከጣና በፓምፕ እየሳባችሁ በየጊዜው ቀይሩት ባይ ነው።

ልጁ ሲመጣ ስለ እቃ አንድም ነገር አላወራም። ስንት ሰው ነው የሚገባው፣ በሳምንት ስንቴ፣ ውሃው ከየት ነው፣ ሮቶው መቼ ታጠበ፣ መብራት እዚህ ሰፈር እንዴት ነው፣ እሱን ነው የጠየቀው። የሐይቁን ሀሳብ ስነግረው ሳቀ። ደለሉና አልጌው ክሎሪኑን ጀርሙ ጋር ሳይደርስ ይጨርሱታል፣ ቢልሃርዚያውን ደሞ ለሐይቅ ዳር ሰው አልነግርም፣ እምቦጩ ፓምፑን ሲያንቀው ደግሞ መልሳችሁ እኔን ነው የምትጠሩት አለ። እሱ ነገር እዛው ላይ ተዘጋ።

ከዛ ጃኩዚ ከትልቅ ገንዳ በምን እንደሚለይ አስረዳን። ውሃው ትንሽ ነው፣ አራት ሰው ሲገባበት ላቡም ቅባቱም እዛችው ውስጥ ነው የሚቀረው። ሙቀቱ ክሎሪኑን ቶሎ ያስጨርሰዋል፣ ጀርሞቹ ደሞ ሙቀት ይወዳሉ። ሱዶሞናስ የሚባለው ቆዳ ላይ ሽፍታ ያወጣል፣ ሊጂዮኔላ የሚባለው ደግሞ ጄቱ (ውሃውን በኃይል የሚገፋው ቀዳዳ) በሚረጨው ደቃቅ ጠብታና ጉም በኩል ሳንባ ውስጥ ይገባል፣ ለሽማግሌ ሰው ይሄኛው ቀልድ አይደለም። ስለዚህ ዋናው ነገር ውሃው ውስጥ ሁልጊዜ የሚቆይ ጠባቂ መኖሩ ነው አለኝ፣ ከዛ እያንዳንዱን ሲስተም በአንድ ጥያቄ ፈተነው፦ መብራት ሲጠፋ ውሃውን ማን ይጠብቀዋል?

ዩቪ በአጠገቡ በሚያልፈው ውሃ ውስጥ ያለውን ጀርም ብቻ ነው የሚገድለው፣ ገንዳው ግድግዳ ላይ የተጣበቀውን አያገኘውም፣ ፓምፑ ከቆመ ደሞ እሱም ቆመ። ኦዞን ጎበዝ ነው ግን ውሃ ውስጥ ብዙ አይቆይም። ሁለቱም ረዳት ናቸው እንጂ ለብቻቸው አይበቁም፣ ትንሽ ክሎሪን ወይ ብሮሚን (የክሎሪን ዘመድ የሆነ ጀርም ገዳይ) ከኋላቸው የግድ ነው፣ ሻጩ ይሄን አልነገረንም። የጨው ሲስተሙ ደሞ የገረመኝ እሱ ነው፣ እኔ ጨው ክሎሪንን የሚተካ ነበር የሚመስለኝ፣ ለካ በአንድ ሺህ ሊትር አንድ ኪሎ ተኩል ሁለት ኪሎ ጨው ተጨምሮበት መሳሪያው በኤሌክትሪክ ከጨዉ ክሎሪን ነው የሚያመርተው! መጥፎ ነው አላለም፣ መብራት የማይጠፋበት ቤት ቢሆን እኔ ራሴ እገጥመው ነበር ነው ያለው። ግን ሴሉ (ክሎሪኑን የሚያመርተው ክፍል) ኖራ ይይዘዋል፣ ያልቃል፣ ሲያልቅ ደሞ ከውጭ ነው የሚመጣው።

ብሮሚንን ወዶታል። ለሙቅ ውሃ ይስማማል፣ ፒኤች (የውሃው አሲድነት መለኪያ) ትንሽ ከፍ ሲልም እንደ ክሎሪን ቶሎ አይደክምም። ችግሩ ክኒኑ ሲያልቅባችሁ ከየት ታመጣላችሁ አለኝ፣ እውነቱን ነው፣ እዚህ ሱቅ ገብቼ ብሮሚን ብል የመኪና እቃ ነው የሚመስላቸው።

በመጨረሻ የመረጠልን ተራ ፈሳሽ ክሎሪን ነው፣ በረኪና! ሽታ ያልተጨመረበት፣ አረፋ የሌለው፣ 5% የሚል የተጻፈበት፣ የተመረተበት ቀን የቀረበ (ሲቆይና ሙቀት ሲያገኘው ይደክማል)። ለአንድ ሺህ ሊትር 60 ሚሊ ሊትር ብትጨምሩ በሊትር 3 ሚሊግራም ገደማ ይሆናል፣ ለካው ስል የእማዬን የቡና ስኒ አስመጥቶ ውሃ ሞልቶ በመርፌ ለካና እስከዚህ ብሎ በማርከር ምልክት አደረገበት፣ ስኒዋ አሁን የጃኩዚ ሆናለች እማዬ አልወደደችውም። ከጃኩዚው ጋር አብሮ የመጣችውን ትንሽ የኦዞን መሳሪያ ግን አትንቀሉ፣ መብራት ሲኖር ታግዝ፣ ክሎሪኑን ትቆጥብላችኋለች አለን። ማለትም አዲስ የተገዛ መሳሪያ ምንም የለም፣ ልጁ ከፈለገ የፈለገውን ሊሸጥልን ይችል ነበር፣ ለመግጠሚያም ያስከፍለን ነበር፣ ያንን ነው ያመሰገንኩት እኔ።

አንድ ነገር ደሞ፣ ምንም ሳይጀመር ቧንቧውን ነው ያጠበው። እቃው አዲስ ነው ምን ይታጠባል ብዬ ነበር። ውሃ ሞልቶ ጠንከር ያለ ክሎሪን ጨምሮ ፓምፑን ሲያዞረው ከጄቶቹ ቡናማ ነገር እንደ ቀጭን ልጣጭ እየተገነጠለ ወጣ፣ ፋብሪካ ሲሞክሩት ውሃ ቀርቶበት በመንገድ የቆየ ዝልግልግ ነው አለ። ጀርሙ እሱ ስር ተደብቆ ነው የሚኖረው፣ ላዩ ላይ ክሎሪን ብታፈሱ አይነካውም። ደፋው፣ አጠበ፣ እንደገና ሞላ። የሞላነውን ውሃም በየሶስት አራት ወሩ ሙሉ በሙሉ ቀይሩት ብሎናል።

አለካኩንም እማዬን አስተምሯታል። ትንሿን ብልቃጥ ከገንዳው ሞልታ የመለኪያ ክኒኗን ትጥልበታለች፣ ሮዝ ይሆናል፣ ከቀለሙ ሰንጠረዥ ጋር ታስተያያለች። ክሎሪን በሊትር ከ3 ሚሊግራም እንዳይወርድ፣ ፒኤች ከ7 እስከ 7.8። አንድ ያልጠበቅኩት ነገር፣ ክሎሪኑ በጣም ከበዛ ክኒኗ ሮዝ ብላ መልሳ ትነጣለች ወይ ጭራሽ ቀለም አታወጣም፣ ሰው ደግሞ ክሎሪን የለም ብሎ ሌላ ይጨምራል! ቀለም ካልመጣ ናሙናውን በንጹህ ውሃ አቅጥናችሁ እንደገና ለኩ ነው ያለው። ክሎሪን ክሎሪን ሲሸት ደሞ በዝቶ ሳይሆን ከላብና ከሽንት ጋር ተያይዞ የደከመው ነው፣ እና ልጆቹን ሳትታጠቡ አትግቡ በሏቸው።

እማዬ አልረታም ብላ "ልጄ፣ ዋንዛዬ ማን ነው በረኪና የሚጨምረው?" አለችው። "እማማ፣ ዋንዛዬ ውሃው ከመሬት እየፈለቀ ይፈሳል፣ ይሄ እኮ ያው ውሃ ነው የሚዞረው" ሲላት ዝም አለች፣ እማዬን ዝም ያሰኘ ሰው እስካሁን አላየሁም። ግፊት እንዳለባት ሲሰማም ሐኪሟን ሳታናግር እንዳትገባ አለ፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በጭራሽ እንዳያልፍ፣ ለሷ ደሞ ዝቅ ይበል ብሎ።

ሳልረሳው፣ በረኪናና የሽንት ቤት አሲድ አንድ መደርደሪያ ላይ አታስቀምጡ፣ ከተቀላቀሉ የሚወጣው ጋዝ ይገድላል። ሁለት አይነት የክሎሪን ዱቄት ደረቁንም ቢሆን በአንድ እቃ አትቀላቅሉ፣ እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

እንግዲህ ልጁን የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ ስልኩን ለመስጠት ፈቅዶልኛል። ያስከፈለን የአንድ ቀን የስራ ዋጋ ነው፣ ዘጌ መንገድ በኩልም ጢስ ዓባይ በኩልም ከሆናችሁ ትራንስፖርቱን ቻሉለት። ቅዳሜና እሁድ ግን አትደውሉለት፣ ሆቴሎቹ ጋር ስለሚሆን አያነሳም፣ ሰኞ ጠዋት ሞክሩት።