ጊብሰን ወይስ ፌንደር? ለለገጣፎ ጊታር ተጫዋች

ሁለቱም አሜሪካዊ ጊታር አምራቾች ናቸው፤ አነሳሳቸው ግን ለየቅል ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 በካላማዙ፣ ሚሺጋን የተመሠረተው ጊብሰን ስሙን የወረሰው ከመሣሪያ ሠሪው ኦርቪል ጊብሰን ነው። ፌንደርን በ1946 ያቋቋመው ሊዮ ፌንደር ግን ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር፤ ጊታርንም ተፈትቶ የሚጠገን ዕቃ አድርጎ አሰበው። አንገቱን በብሎን አሰረ። ጊብሰን በሙጫ ያጣብቃል፤ የጊታሩ ራስ፣ ማለትም ክሮቹ የሚወጠሩበት ጫፍ፣ ወደ ኋላ ስለሚያዘነብል፣ ሲወድቅ ብዙ ጊዜ እዚያው ላይ ይሰበራል።

ከለገጣፎ መሀል ከተማ ድረስ በታክሲ ተጋፍቶ ለሚመላለስ ወጣት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የፌንደር አንገት ቢጣመም ብሎኖቹን በካቻቢቴ ፈትቶ መለወጥ ይቻላል። የጊብሰን ወፍራም ድምፅ ለትዝታ እጅግ ያምራል፤ እኔ ግን ፌንደርን እመርጣለሁ። እርግጥ ፌንደር በ1965 ለአሜሪካው የቴሌቪዥን ድርጅት ለሲቢኤስ ከተሸጠ በኋላ በጥራቱ ብዙ ተወቅሷል፤ በ1985 የገዛ ሠራተኞቹ መልሰው ገዙት።