ሂካሪሲፒ፦ ኮኔክሽን ሲያልቅ ጥፋተኛውን የሚጠቁም ፑል
ከስፕሪንግ ቡት 2 (የጃቫ ፍሬምወርክ) ጀምሮ አብሮ የሚመጣው ሂካሪሲፒ፣ ማለትም የዳታቤዝ ኮኔክሽኖችን ይዞ ለኮዱ የሚያውስ ፑል፣ ፈጣን ነው፤ ግን ካልነካካችሁት የሚይዘው 10 ኮኔክሽን ብቻ ነው። ሁሉም ከተያዙ 11ኛው ጠያቂ 30 ሰከንድ ጠብቆ በስህተት ይመለሳል። ብዙ ሰው ያኔ ቁጥሩን 100 ያደርገዋል። በተቀደደ ባልዲ ውሃ መቅዳት ነው! የፖስትግሬስ ዳታቤዝ መነሻ የኮኔክሽን ጣሪያም 100 ስለሆነ፣ ሁለተኛ ሰርቨር ሲነሳ ዳታቤዙ ራሱ በሩን ይዘጋል።

ምርጡ መሣሪያው ሊክ ዲቴክሽን ትሬሾልድ (ተወስዶ ሳይመለስ የቆየ ኮኔክሽንን የሚጠቁም የጊዜ ገደብ) ነው፤ የሚያሳዝነው ጠፍቶ መምጣቱ ነው። 10000 ሚሊሰከንድ ላይ አድርጉት፤ ኮኔክሽን ወስዶ ያቆየውን ኮድ ከነመስመሩ ሎግ ላይ ያወጣዋል። አብዛኛውን ጊዜ የሚያዘው ኤክሴፕሽን ሲነሳ ሳይዘጋ የቀረ ኮኔክሽን ነው፤ ለዚህ ትራይ ዊዝ ሪሶርስስ (ኮኔክሽኑን ራሱ የሚዘጋ የጃቫ አጻጻፍ) ይበቃል። ትራንዛክሽን ከፍቶ የውጭ ኤፒአይ መልስ የሚጠብቅ ኮድ ከተገኘ ግን ጥሪውን ከትራንዛክሽኑ ውጭ ማውጣት ግድ ነው።